በጨፋ ውሃ ላይ የቆመው የህንዶች መቅደስ

ከሚሴ በነበረን ፎቶ ቤት አንድ መጋረጃ ብቻ ነበረን። ፏፏቴ ተሥሎበታል፤ ከፏፏቴው ሥር ሁለት ዳክዬዎች ይዋኛሉ። ባለቤቴ ከደሴ ሲያመጣው ዳክዬዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንደኛዋን አይጥ በላትና ቀዳዳውን ጠቅሜ፣ አረንጓዴ ቀለም ቀብቼ ቁጥቋጦ አደረግኋት። በሃምሳዎቹ ዓመታት በዚያ ፏፏቴ ፊት ያልቆመ የከሚሴ ሰው አልነበረም ብል ብዙ አልዋሽም። ሙሽሮች ቆመውበታል፤ ከባቲ የተመለሱ ነጋዴዎች ቆመውበታል፤ ፖሊሶች ኮፍያቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመውበታል። አንድ የአፋር ሽማግሌ ግን መጋረጃውን ትኩር ብለው አዩና፣ «ውሃው የማይጠጣ ከሆነ ምን ያደርግልኛል?» ብለው በነጩ ግድግዳ ፊት ተነሡ።

ባለቤቴ ሙያውን የተማረው ደሴ ውስጥ ከአንድ አርመናዊ ፎቶ አንሺ ዘንድ ተቀጥሮ ነው። በሰንበቴና በባቲ የገበያ ቀን ባለ ሦስት እግሩን ካሜራ ጭነት መኪና ላይ ጭኖ ይሄዳል፤ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ይውላል። ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነበርሁ። መጀመሪያ ሥራዬ ፎቶ ማጠብ ብቻ ነበር፤ ኋላ ሙስሊም ጎረቤቶቼ «ወንድ ፊት ተቀምጠን ምን ፎቶ ነው? አንቺው አንሺን» እያሉ ሲመጡ ማንሳቱንም ለመድሁት። ጨለማው ክፍል ውስጥ ሰዓት አልነበረኝም። ፊልሙ መድኃኒቱ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ የምለካው በአቡነ ዘበሰማያት ነበር። ባለቤቴ «የሷ ፎቶ ተቀድሶበት ነው የሚወጣ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር፤ የኔ ፎቶ ግን ጠቁሮ ወጥቶ አያውቅም። ጠንቃቃ ነበርሁ። አንድ ፊልም ከማበላሽ አንድ ቀን ጦሜን ባድር ይቀለኝ ነበር።

አገሬ ፎገራ ነው። ከጣና በስተምሥራቅ፣ ማታ ማታ ፀሐይ ውሃው ውስጥ ስትገባ እያየሁ ነው ያደግሁት። ባለቤቴን ተከትዬ ወሎ ከመጣሁ በኋላ አገሬን ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ለእናቴ ተዝካር። እናቴ ልጆቼን ሳታይ ነው ያረፈች። ይህን የምናገረው ለማስለቀስ አይደለም፤ ኋላ ያደረግሁትን ለምን እንዳደረግሁት እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ህንዳዊት መምህርት ልጇን በወገቧ ይዛ ወደ ፎቶ ቤቱ ገባች። እሷና ባሏ ሂሳብ ያስተምሩ ነበር። ልጁ የተወለደው እዚሁ ከሚሴ ነው፤ ስትወልድ ወገቧን ደግፈን ከያዝናት ሴቶች አንዷ እኔ፣ ሌላዋ ከግድግዳችን ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ነበርን። አማርኛዋን ከተማሪዎቿ አፍ የለቀመችው ስለሆነ ሰውን ሁሉ እንደ ወንድ ነበር የምትጠራው፤ እኔን ብቻ ሳይሆን የምታልባትን ላም ጭምር።

«አንተ ፏፏቴ አለህ» አለችኝ መጋረጃውን እያየች። «ባሕር አለህ?»

«ባሕርማ የለኝም። ምነው?»

ወንበር ሰጠኋትና ነገሩን ቀስ አድርጋ ነገረችኝ። የተወለደችበት መንደር ህንድ አገር ባሕር ዳር ነው። አሸዋው ላይ አንድ የአምላካቸው መቅደስ አለ። በቤተሰባቸው የሚወለድ ሕፃን ሁሉ፣ ፀሐይ ባሕሩ ውስጥ ስትገባና የመቅደሱ መብራት ሲበራ፣ በእናቱ ጭን ሆኖ እዚያ ፊት ለፊት ይቀርባል፤ አያቱም ታየዋለች። ያለዚያ ልጁ የቤቱ ልጅ ሆነ አይባልም። አሁን የእናቷ ዓይን እየጨለመ ነው። አንደኛው ጠፍቷል፤ ሁለተኛው በደማቅ ብርሃን፣ ከቅርብ ብቻ ያያል፤ እሱም ብዙ አይቆይም ብለዋታል። ባልና ሚስቱ ደግሞ የውል ጊዜያቸው ሳያልቅ ከኢትዮጵያ መውጣት አይችሉም።

«እናቴ ልጁን በመቅደሱ ፊት ማየት ትፈልጋለች። ዓይኗ ሳይዘጋ። አንድ ፎቶ፣ ትልቅ። ከዚያ ይዘጋ ትላለች።»

ጠመኔ ከቦርሳዋ አወጣችና መቅደሱን በጥቁሩ መዝጊያችን ላይ ሣለችው። ክብ ነው። ጣሪያው እንደ ጉልላት ሾጠጥ ብሎ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ የመዳብ ማሰሮ የሚመስል ነገር ተቀምጧል። በደጁ የድንጋይ መብራት ቆሟል።

«አንቺ፣ ይቺማ ቤተ ክርስቲያን ናት!» አልሁ ሳላስበው።

«አይደለም» አለች በትሕትና።

እንዳልሆነ እኔም አውቄዋለሁ። ያኔ አፌ ላይ የመጣውን «ጣዖት» የሚል ስም ውጬ አስቀረሁት። ግን ሌሊቱን ሙሉ ተገላበጥሁ። በገዛ ቤቴ፣ ሥዕለ አድኅኖ በተሰቀለበት ግድግዳ አጠገብ፣ የሌላ አምላክ ቤት አሠርቼ ላቁም?

በማግሥቱ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከወይራው ሥር ተቀምጠው ጦም የሚገድፉበትን ሰዓት ይጠብቁ ነበር። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኋቸው።

«ይሰገድለታል?» አሉኝ።

«በኛ ቤት ማን ይሰግድለታል አባቴ?»

«ይታጠንለታል?»

«የፎቶው መድኃኒት ሽታ ካልተቆጠረ በቀር አይታጠንለትም።»

«እሷስ ምን አለች? ስገዱልኝ አለች ወይስ ለእናቴ አሳዩልኝ አለች?»

«ለእናቴ አሳዩልኝ ነው ያለች።»

ጢማቸውን ዳበሱና፣ «እናትህን አክብር የተባለው ለህንድ አይደለም እንዴ?» አሉ። ተነሥቼ መስቀላቸውን ስሳለም ደግሞ ጠሩኝ። «ስሚ ልጄ። መስቀል እንዳትጨምሩበት። የራሳቸውን እንደ ራሳቸው አድርጉት። የሰው እናት አትታለልም።»

እንዲህ ካሉ በኋላ እኔ ሌላ ሰው ሆንሁ። የዚያኑ ለት የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ከሚሥሉት መሪጌታ ዘንድ ሄጄ አቡጀዲ ይዤላቸው ቀረብሁ። መሪጌታ ከላስታ የመጡ፣ እጃቸው እንደ ወርቅ አንጥረኛ የሰላ ሰው ነበሩ። መምህርቷ ከጎናቸው ቁጭ ብላ በቃልና በጠመኔ አስረዳቻቸው፤ እሳቸውም «ገባኝ፣ ገባኝ» እያሉ ሰሟት። ከዚያ አቡጀዲውን ጎጇቸው ውስጥ ዘርግተው ሳያሳዩን ሰነበቱ።

የጨረሱ ለት ጠሩን። መቅደሱን ሳየው እጄን አፌ ላይ ጫንሁ። ክቡ ግድግዳ፣ ጣሪያው፣ የመዳቡ ማሰሮ፣ የድንጋይ መብራቱ፣ ሁሉም ቆሞ የሚሄድ ነበር። መምህርቷ እጆቿን ደረቷ ላይ አገናኝታ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ግን ዓይኗ ወደ ባሕሩ ሄደ።

ባሕሩ ለሁለት ተከፍሎ በመቅደሱ ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ቀይ ነው። በውስጡ ፈረሶች እግራቸውን ሽቅብ ሰቅለዋል፤ ጋሻ ይንሳፈፋል፤ የሰው ራስ ደግሞ እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ አፉን ከፍቷል።

«መሪጌታ፣ እኒህ እነማን ናቸው?» አልሁ።

«ፈርዖንና ሠራዊቱ ናቸዋ።»

«ህንድ አገር ፈርዖን ምን ይሠራል?»

«ባሕር ሣል አላችሁኝ፣ ባሕር ሣልሁ። እኔ አባቶቼ ሲሥሉ ያየሁት ባሕር ይኸ ነው። ባሕር ያለ ፈርዖን ምን ትርጉም አለው? ዝም ብሎ ውሃ!»

ባለቤቴ ሊስቅ ሲል መምህርቷን አየና ተወው። ልጇን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ ከሰጠሙት ራሶች አንዱን በጣቷ ነካች።

«ይህ ሰው ሰጠመ» አለች። «አባቴ ዓሣ ያወጣ ነበር። እሱም ሰጠመ። እናቴ ይህን አታይም።»

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ብሩሻቸውን አንስተው ራሶቹን በሰማያዊ ሸፈኗቸው። ቀለሙ ሲደርቅ ግን ራሶቹ ከሥር እንደ ማሰሮ ብቅ ብቅ አሉ። ሁለተኛ ቢቀቡት አቡጀዲው ተሸበሸበ። «የፈርዖን ነገር እንዲህ ነው፤ ልቡም አይለዝብ፣ ቀለሙም አይለቅ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። መምህርቷ አመስግናቸው፣ ልጇን ይዛ ወጣች። ስትሄድ ከኋላዋ አየኋት፤ እንዲህ አንገቷን ደፍታ አይቻት አላውቅም። ሌላ መቅደስ የሚሣልበት ጊዜም፣ ጨርቅም አልነበረንም፤ የእናቲቱ ዓይን ደግሞ አይጠብቅም።

የዚያን ማታ ለሠርክ ጸሎት ከቤተ ክርስቲያን ቆይቼ ስወጣ ከአጥሩ ጥግ ቆም አልሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ከፍታ ላይ ነው። ክረምቱ ከብዶ ነበርና ቦርከና ሞልቶ ጨፋ ላይ ተኝቷል። ሜዳው የለም፤ ሣሩ የለም፤ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ብቻ። ፀሐይ ወደ ምዕራቡ ተራራ እየወረደች ስለነበር ውሃው እንደ ነሐስ ሆኗል። ልጅነቴ ፊቴ ላይ መጣ። በፎገራ ክረምት ሲከብድ ጣና ከቦታው ወጥቶ እስከ ደጃችን ይመጣ ነበር፤ የቱ ሐይቁ፣ የቱ ሜዳው እንደሆነ የሚያውቅ የአገሩ ሰው ብቻ ነው።

ነጠላዬን ሰብስቤ ሮጥሁ ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ካሜራውን ሲጠርግ አገኘሁት።

«መቅደሱን ከባሕሩ ቁረጡልኝ» አልሁት።

«ምን?»

«አንተና መሪጌታ ዙሪያውን በመቀስ ቁረጡልኝ። ባሕሩ ጨፋ ላይ ተኝቷል። መቅደሱን ወስደን ውሃው ዳር እናቆመዋለን።»

ሲገባው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ራሱን ነቀነቀ። «አንቺ ሴት፣ ፀሐይን ፊት ለፊት ማንሳት አይሆንም። እናትና ልጁ ከሰል ይሆናሉ። ለዚያች ዓይን ለሌላት ሴትዮ ከሰል ልትልኪላት ነው?»

ልክ ነበር። ፀሐይ ከኋላቸው ሆና ፊታቸው እንዴት ይታያል? ይህን ስናስብ አደርን። መልሱን ያገኘሁት ጠዋት ጎረቤቴ ያጠበችውን ጋቢ ግቢዋ ውስጥ ስታሰጣ ነው። ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታለች፤ ፊቷ ግን ጨረቃ መስሏል። ፀሐይዋ ጋቢው ላይ አርፋ ተመልሳ ፊቷ ላይ ትበራ ነበር።

«እቴ፣ እንዳትንቀሳቀሺ!» ብዬ ጮህሁ።

«ያ ረቢ! እባብ ነው?» ብላ ጋቢውን ጣለችው።

ምን እንደምፈልግ ስነግራት ወገቧን ይዛ ሳቀች። «አብሽሪ! ለጋቢማ ማን ብሎን። ያገር ጋቢ አመጣልሻለሁ።»

ሰማዩ የጠራ ለት ከሰዓት በኋላ ጉዞ ጀመርን። መሪጌታ መቅደሱን ዙሪያውን ቆርጠው በሸምበቆ ወጥረውታል፤ በጋሪ ጭነነው መንገዱ ሲያናጋው እውነተኛ ቤት የሚሄድ ይመስላል። ጎረቤቴና ሦስት አራት የሰፈር ሴቶች የታጠበ ጋቢ ተሸክመው ይከተላሉ። ያገኘን ሰው ሁሉ ያቆመናል።

«አካም ጅርቱ! ዛሬ የማንን ቤት ነቅላችሁ ነው?»

«የህንድን!» ትላለች ጎረቤቴ። «አገሯ ርቋት ቤቷን ልናመጣላት ነው።»

«ማሻ አላህ! ለኔም ከመካ አንድ አምጡልኝ!»

ውሃው ዳር ደረስን። ባለቤቴና መሪጌታ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡና መቅደሱን ከኋላ አቁመው ሸምበቆውን ይዘው ቁጢጥ አሉ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ነው። ነፋሱ ጨርቁን ሲያርገበግበው መቅደሱ እንደ ሰው ይተነፍስ ነበር። መምህርቷ ለበዓል የምትለብሰውን ቀይ ልብስ ለብሳ ደረቁ ሣር ላይ ተቀመጠች፤ ልጁን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ከአገሯ ያመጣችውን የነሐስ መብራት በኑግ ዘይት ሞልታ አበራች። ሴቶቹ ከካሜራው ግራና ቀኝ ጋቢያቸውን ዘርግተው ቆሙ። ካሜራውን የያዝሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ከመቅደሱ ጀርባ ሆኖ «ዛሬ ፎቶ አንሺዋ እሷ ናት፤ እኔ ምስማር ነኝ» ሲል ይሰማል።

ጥቁሩን ጨርቅ ራሴ ላይ ደርቤ በመስታወቱ አየሁ። ዓለም ተገልብጣ ነው የምትታየው፤ ግን ተገልብጦም ቢሆን ባሕር ነበር። ፀሐይዋ ከመቅደሱ ትከሻ ጎን ወርዳ፣ ውሃው ላይ ረጅም መንገድ ዘርግታለች። መቅደሱ ጠቆር ብሎ ቆሟል። ጋቢዎቹ ያንን ወርቅ ቀምተው በእናትና በልጁ ፊት ላይ ያፈሱታል። ሁሉም ነገር ነበረ። ያልነበረ የልጁ ዝምታ ብቻ ነው።

ልጁ ያለቅሳል። ጡት ቢሰጡት አልያዘም። ጎረቤቴ አጨበጨበችለት፤ ባሰበት። ካሜራው ሲከፈት የሚንቀሳቀስ ልጅ ፊቱ እንደ ደመና ተበትኖ ነው የሚወጣው፤ ያንን ደግሞ አንድ ዓይን የቀራት አያት አታውቀውም። ፀሐይዋ የተራራውን ጫፍ ልትነካ ሆነ። የዚያ አገር ተራራ ፀሐይን ቀስ ብሎ አይውጣትም፤ አንዴ ነው የሚጎርሳት።

«አልቅት ያዘኝ!» አሉ መሪጌታ ከመቅደሱ ጀርባ።

«መሪጌታ አይንቀሳቀሱ፣ መቅደሱ ይወድቃል!» አልሁ።

«ፈርዖን ላይ የደረሰው እኔም ላይ ደረሰ!»

ሴቶቹ ሲስቁ ጋቢው ተንቀጠቀጠ፤ ብርሃኑም ተንቀጠቀጠ። «ዝም በሉ፣ ስለ እናታችሁ!» ብዬ ተቆጣሁ። በዚህ መካከል ከቀኝ በኩል የውሃ መንቦጫረቅ ተሰማ። ቀና ብዬ ሳይ ላሞች ናቸው። የጎረቤቴ ባል ከብቶቹን ከማዶ አሰማርቶ ውሏል፤ አሁን ወደ ቤት የሚያስገባው በዚያው ባሕሬ መካከል ነው። ተሰልፈው መጡ፤ ውሃው እስከ ቅልጥማቸው ብቻ ነው።

ጎረቤቴ ጋቢዋን እንደያዘች ጮኸች። «ሎን ዴቢሲ! መልሳቸው አንተ ሰውዬ! ባሕር አበላሸህብን!»

«የምን ባሕር?» አለ እሱ ከሩቅ። «ሎን ኮ፣ የኔ ላም ባሕር አታውቅም! መሽቷል፣ ቤቷን ነው የምታውቅ!»

ባለቤቴም ሰምቷል። «ይለፉ! ይለፉና ታነሺያለሽ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጠንቃቃ ፎቶ አንሺ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ባሕር ዳር የተባለ ፎቶ ላይ ቅልጥሟ የሚታይ ላም ከገባች፣ ባሕሩ ባሕር አለመሆኑን ሕፃን ያውቃል። እስኪያልፉ ለመጠበቅ እጄን ከማንሻው ልመልስ ስል አንዲቱ ላም ጥጃዋን ጠርታ አገሳች።

ልጁ ልቅሶውን አቆመ። እንባው ጉንጩ ላይ እንዳለ ዓይኑን አፍጥጦ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ፣ ወደ እኔ ቀጥ ብሎ ቀረ። እናቱ እንኳ ደንግጣ ትንፋሿን ያዘች። ፀሐይዋ ተራራውን ነካች። ላሞቹን ብጠብቅ ፀሐይም የለች፣ ዝምታም የለ። በሕይወቴ ፊልም አበላሽቼ አላውቅም፤ ይህን ግን እያወቅሁ ላበላሸው ነው። የፎገራዋ እናቴ ትዝ አለችኝ።

አማተብሁ። «እግዚኦ» አልሁ፤ ቃሉን ስጀምር ከፈትሁ፣ ስጨርስ ዘጋሁ።

ከጨርቁ ስወጣ ፀሐይ የለችም። ልጁ ወዲያው ልቅሶውን ቀጠለ።

የዚያኑ ምሽት ጨለማው ክፍል ገባሁ። አቡነ ዘበሰማያት ስል ቃሉ እየተሳሳተብኝ ሁለቴ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሆኖ መጀመሪያ የመጣው ጣሪያው ነው። ቀጥሎ የመብራቷ ነበልባል፣ ቀጥሎ የእናቲቱ ግንባር። ከዚያ ልጁ መጣ። ሽፋሽፍቱ ይቆጠራል! ከኋላው ውሃው እስከ ዓለም ዳርቻ ተዘርግቶ ያበራል፤ ግማሿ ፀሐይም ተቀምጣለች። እልል ልል አፌን ከከፈትሁ በኋላ ላሞቹ ብቅ አሉ። ቀንዳቸውን ቀስረው፣ ተሰልፈው፣ ከጥጃዋ ጋር፣ በባሕሩ ላይ ይሄዳሉ።

ባለቤቴ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ብዙ አየው። «አንቺ፣ እኔ እንዲህ ያለ ፎቶ አንሥቼ አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ላሞቹን ፊልሙ ላይ በእርሳስ እያጠቆርሁ ላጥፋቸው፤ ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆነው ከውሃው ይቀላቀላሉ።»

«ተዋቸው» አልሁት። «እሷ ትወስን።»

በማግሥቱ መምህርቷ መጣች። ፎቶውን ሰጠኋትና ግድግዳውን ማየት ጀመርሁ። ዘወር ስል ጣቷን ላሞቹ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። የምትስቀው ግን በሆዷ ነው።

«ላም!» አለች። «አንተ ላም አመጣህ! የኛ አምላክ ልጅ ሆኖ ላም ይጠብቅ ነበር። የዚያ መቅደስ አምላክ እሱ ነው። ላሞቹ መጡ! ማን ነገራቸው?»

እኔ በእምነቴ እግዚአብሔር ላከልሽ እንዳልላት ነገሩ ግራ ገባኝ፤ ሰው ላካቸው እንዳልልም ላሞቹን የነዳው ሰውዬ ሲሰድበን ነበር። «መሽቶባቸው ነው» አልኋት።

ፎቶው በካርቶን መካከል ታሽጎ ሄደ። አንዱን ግልባጭ ባለቤቴ ፎቶ ቤቱ ደጅ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ነበር! ያንን ሜዳ ዕለት ዕለት የሚረግጡ ሰዎች ቆመው ይከራከራሉ። አንዱ ምጽዋ ነው ይላል። ሐጅ የሄዱ አንድ ሼህ «ጅዳ ነው፤ እኔ ራሴ ወርጄበታለሁ» ብለው ማሉ። የሐርቡ ሙሽሮች በጋሪ መጥተው «ፏፏቴውን አንፈልግም፣ ያንን ባሕር አምጡልን» አሉ። መሪጌታ ደግሞ ከፎቶው ሥር ቆመው ለመጣው ሁሉ «ሕንጻው የኔ ነው» ይላሉ፤ ባሕሩን አያነሱትም። ሴቶቹም ስለኔ «አንሺዋ እሷ ናት» እያሉ ባሎቻቸውን ጭምር ማምጣት ጀመሩ፤ ካሜራው ባቲ በማይሄድበት ቀን የኔ ሆነ።

ከባሕር ማዶ ግን ወሬ የለም። ማሽላው አፈራ፤ ታጨደ። የጨፋ ውሃ ሸሽቶ ሣሩ ወጣ። መምህርቷን ባየኋት ቁጥር በዓይኔ እጠይቃታለሁ፤ እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ቀን «ዘግይተን ይሆናል» አለችኝ። እኔም ማታ ማታ ከጸሎቴ መጨረሻ ላይ ስሟን የማላውቃትን ያችን ሴት ጨመርኋት። አምላኳ ሌላ ቢሆንም ዓይኗን የፈጠረው የኔው ነው ብዬ።

ገበያ በዋለበት አንድ ቀን ደጄ ቆሜ ሳለሁ መምህርቷን ከፖስታ ቤቱ በኩል አየኋት። ድምፅ አሰምታ የማታውቅ፣ ስትራመድ እንኳ አቧራ የማታስነሳ ሴት፣ ጫማዋን በአንድ እጇ፣ የወንድሟን ደብዳቤ በሌላ እጇ ይዛ በአውራው መንገድ መካከል ትሮጣለች። የጭነት መኪና ጡሩንባውን ነፋባት፤ አልሰማችም።

«አየች!» ትላለች። «አየች! አየች!»

ደርሳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እያለከለከች የወንድሟን ቃል ነገረችኝ። እናቲቱ ፎቶውን ይዘው ፀሐይ ወዳለበት ደጅ ወጡ፤ ዓይናቸው ላይ ሊለጥፉት ምንም አልቀራቸው። መጀመሪያ «ጆሮው የአባቴ ጆሮ ነው» አሉ። ቀጥለው «ልጄ ከስታለች» ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ ጣታቸውን በውሃው ላይ እያስኬዱ ላሞቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ ጥጃዋን ሳይቀር። ከዚያ የመንደሩን ሰው ሁሉ ጠርተው፣ ልጄ ያለችበት አገር ላሞች በባሕር ላይ ይሄዳሉ፤ ልጄ መጥፎ ቦታ አይደለችም፤ እንግዲህ ዓይኔ ሲፈልግ ይዘጋ አሉ።

እልልታዬን ለቀቅሁት። የገበያው ሰው ቆመ፤ ጎረቤቴ ከግድግዳው ማዶ ነገሩን ሳታውቅ ተቀበለችኝ፤ ከሷ ሌሎቹ ተቀበሉ፤ መንገዱ ሁሉ እልል አለ።

ጎረቤቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ ወጥታ መጣች። «ማን ወለደ? ወንድ ነው ሴት?»

«ማንም አልወለደ። የሷ እናት ፎቶውን አዩት!»

«አልሃምዱሊላህ! ምኑን አዩ?»

«ልጁን፣ መቅደሱን፣ ላሞቹንም። ባሕር ላይ የሚሄዱ ቅዱሳን ላሞች ብለው ለአገሩ ሁሉ እያሳዩ ነው።»

ጎረቤቴ አንዴ መምህርቷን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ ሊጥ የነካውን እጇን ወደ ሰማይ አንሥታ ገበያው በሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣

«የኛ ናቸው! ወላሂ የኛ ላሞች ናቸው!» ብላ እልልታውን እንደ ገና ከመጀመሪያው አስጀመረችው።